ጥያቄና መልስ፦ መንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ማተቤና ጸሎቴ

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ጠዋት ክፍል ስገባ ተማሪዎቹን አስነስቼ አቡነ ዘበሰማያት አስደግማቸው ነበር፣ አንድ ሙስሊም ወላጅ ቅሬታ አቀረበና ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ "ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል፣ ማተብሽንም ደብቂው" አለኝ። እና ሃይማኖቴን ክጄ ላስተምር?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እህቴ፣ ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጉዳይ አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የነገረሽ። በጸሎቱ ልክ ነው፣ በማተቡ ግን ተሳስቷል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ፣ ብቻውንም ሆነ ከሌሎች ጋር፣ በይፋም ሆነ በግል የመግለጽ መብት አለው ይላል። የሚገደበው ደግሞ አለቃ ስላልወደደው አይደለም፣ በሕግ ብቻ ነው፣ ያውም የሕዝብን ደህንነት፣ ሰላምን፣ ጤናን፣ ትምህርትን፣ ሞራልን፣ የሌላውን ሰው መብት ለመጠበቅና መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ እንዲሆን ሲባል ነው። አንገትሽ ላይ ያለች ክር ከነዚህ የቱን ትነካለች? አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት ተለያዩ ሲል መሥሪያ ቤቱን እንጂ ሠራተኛዋን ከእምነቷ አልለየም።

ክፍል ውስጥ ግን ጠመኔ ይዘሽ ስትቆሚ የመንግሥት ሥልጣን ይዘሽ ነው የቆምሽው፣ የልጁ ውጤት በእጅሽ ነው፣ ሲነሳ ወዶ ይሁን ፈርቶ በምን ታውቂያለሽ? አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል፣ ወላጅም ልጁን በራሱ እምነት የማሳደግ መብት እዛው 27 ላይ አለው፣ ስለዚህ ያ አባት የጠየቀው መብቱን ነው፣ ሄደሽ ይቅርታ ብትጠይቂው ደስ ይለኛል።

"ጎጃም እኮ የተዋሕዶ አገር ነው" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ በ1948ቱ ሕገ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያናችን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ግን አፄ ሱስንዮስ የሮማን እምነት በአዋጅ ሲጭን የስንት አባቶቻችን ደም ፈሰሰ፣ ዳሞት ላይ ሰንበቴን አልሽርም ብሎ የተነሳው ገበሬ እኮ የኛው ሰው ነው፣ በ1624 ንጉሡ አዋጁን እስኪተው ድረስ አገር አለቀ። በኛ ላይ ሲሆን ግፍ ያልነውን በሌላው ልጅ ላይ እንዴት እናደርገዋለን? በ2012 ሞጣ ላይ መስጊድ ሲቃጠል ያየን ሰዎች ነን፣ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ልጆቹን ጸሎት ማስተማር ከፈለግሽ ሰንበት ትምህርት ቤት አለልሽ፣ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ፈቅዷል፣ ዲማና ዋሸራ ጉባኤ ቤት ቅኔ ሲዘረፍ ማንም ዝም በሉ አይልም። አንቺ በልብሽ አማትበሽ ግቢ፣ እሱን የሚከለክልሽ የለም።

ስለ ማተቡ ደግሞ አትጣይ፣ አትጩሂም። ትዕዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ በይ፣ የትኛው ሕግ እንደሆነም ይጥቀሱ። ካልሆነ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አመልክቺ፣ እዛም ካልተፈታ ሰብአዊ መብት ኮሚሽንና እንባ ጠባቂ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አላቸው። በሕግ መጠየቅ እምነት ማነስ እንዳይመስልሽ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሊገርፉት ሲያስሩት ሮማዊ ነኝ ብሎ መብቱን ጠይቋል፣ ኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል፣ ሐዋርያት ሥራ 22ና 25ን አንብቢ። ምን እንደመለሱልሽ ጻፊልኝ።