በሩ ክፍት ነበር

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

ሠርግና ምርቃት የማነሳ ፎቶ አንሺ ነኝ። ዕድሜዬ 27 ነው፣ ያደግሁት አራት ኪሎ ነው። ሙሽሮች የሆቴል ግቢና መናፈሻ ሰልችቷቸዋል። አሁን የሚፈልጉት የፒያሳን አሮጌ ቤት ነው፤ የእንጨት በረንዳ፣ የውጭ ደረጃ፣ የተላጠ ቀለም። ከሰባ ደረጃ አካባቢ ከፈረሳ የተረፈ እንዲህ ያለ ቤት አለ፤ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ዓይኔን ስጥልበት ኖሬያለሁ።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ሙሽሮቼን ይዤ ሄድኩ። የግቢው በር ክፍት ነበር። ቧንቧው ጋ ጄሪካን የሚሞላ ልጅ አገኘሁ፣ 14 ዓመት ቢሆነው ነው። «ፎቶ እንነሳ?» አልኩት፤ «ግቡ» አለኝ። 200 ብር ሰጠሁት። ሙሽራዋን ደረጃው ላይ፣ ሚዜዎቹን በረንዳው ላይ አቆምኩ፤ ብርሃኑ ልዩ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል እንደሠራን አንዱ ሚዜ የተደገፈው የበረንዳ እንጨት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ድምፁን ሰምተው አንዲት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። አልተሳደቡም። «ማን ፈቀደላችሁ?» ብቻ ነው ያሉት። ይቅርታ ብለን ወጣን። እውነቱን ለመናገር የሊሞው ኪራይ ሰዓት እየሄደብን ስለነበር ይቅርታውም የጥድፊያ ነበር።

ፎቶውን ከነቦታው ስም ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት፤ ብዙ ሰው ወደደው። ሌሎች ፎቶ አንሺዎችም እዚያ መመላለስ ጀመሩ። ባለፈው ሳምንት የእናትየዋ የእህት ልጅ ደወለችልኝ። ስለ እንጨቱ አንድም ነገር አላነሳችም። «ከሙሽራዋ ጀርባ ያለውን መስኮት አጉልተህ እየው» አለችኝ። አጎላሁት። ከቬሎው በስተግራ፣ መጋረጃው ገለጥ ባለበት፣ ጋቢ ለብሰው አልጋ ላይ የተኙ ሽማግሌ ይታያሉ። አፋቸው ተከፍቷል። ከአልጋው ሥር ፖፖ አለ። የእናትየዋ ባለቤት ናቸው፤ ከተኙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ጓደኛዬ፣ እሱም ፎቶ አንሺ ነው፣ «መሬቱ የመንግሥት፣ ቤቱ የቀበሌ፤ የማንን ፈቃድ ነው የምትጠይቀው?» ይለኛል። ሙሽራዋ ደግሞ «ከፍዬበታለሁ፣ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፣ እንዳታጠፋው» ብላለች። ምን ላድርግ?

ጨንቆት ከአራት ኪሎ

*

ልጄ፣

ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሁለቴም ዓይኔ የቀረው መስኮቱ ላይ ነው። እኚያ ሰው የሚዜዎቹን ሳቅ ከአልጋቸው ሆነው ሰምተው ይሆናል። ተነስተው መጋረጃውን መሳብ ግን አልቻሉም።

ፎቶውን አሁኑኑ አውርደው። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ብታወርደው ደስ ይለኛል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል፤ የታወቀ ሰውን፣ ባለሥልጣንን፣ በአደባባይ የተደረገን ነገር የመሳሰሉትን። በገዛ ቤቱ የተኛ በሽተኛ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ጓደኛህ የያዘው ግማሽ እውነት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ቤቱ የቀበሌ ከሆነም የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን በ1967 የመንግሥት ካደረገው ከአዋጅ ቁጥር 47 የመጣ ነው። እኔም ያደግሁት በቀበሌ ቤት ነው፤ የኪራይ ደረሰኝ ይዤ የምሰለፈው እኔ ነበርኩ። ቤቱ የኛ እንዳልሆነ ማንም እንዲነግረን አንፈልግም ነበር፣ እናውቃለን። ያም ሆኖ እናቴ «ግቡ» ሳትል ደጃፋችንን የሚያልፍ ጎረቤት አልነበረም። በደርግ ጊዜ ሳይጠይቁ የሚገቡ ነበሩ፤ እነሱን ምን እንላቸው እንደነበር እዚህ አልጽፈውም። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 መኖሪያ ቤት አይደፈርም ሲል የሚጠብቀው የሚኖርበትን ሰው ነው፤ ካርታ አምጣ አይለውም።

ለጓደኛህ አንድ ጥያቄ አድርስልኝ። ቤተ መንግሥቱ አጥር ጋ ሲደርስ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ይከታል አይደል? ያም መሬት የመንግሥት ነው። ልዩነቱ እማማ በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው አለመቆሙ ነው።

«በሩ ክፍት ነበር» ላልከው፣ እንዲህ ባለ ግቢ በር ክፍት የሚውለው ቧንቧውም ሽንት ቤቱም የጋራ ስለሆነ ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። የተከፈተው ለነሱ ነው። የውጭ ሰው ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፣ «ደጆች!» የሚል ድምፅ እስኪመጣ ይጠብቃል። ድምፁ ካልመጣ መልሱን አግኝተሃል። ጄሪካን የሚሞላ ልጅ ይህን ፈቃድ ሊሰጥህ አይችልም፤ በ200 ብርህም የጎረቤት ቁጣ ገዝተህለት ይሆናል። እሱንም ጠይቀው።

ማንሳቱን ተው አልልህም። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ልጅ ሆነን የምንጫወትበትን ግቢ አንድ ፎቶ ፈልጌ ነበር፤ ከዘመድ አልበም ያገኘሁት የአጎቴን ትከሻና ግማሽ በር ነው። አንተ የምታነሳቸው በረንዳዎች ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ከቀጠሮው ቀን በፊት ብቻህን ሂድ፣ ሙሽራ ሳትይዝ። ስንት ሰው እንደምታመጣ፣ ስንት ደቂቃ እንደምትቆይ፣ ፎቶው የት እንደሚለጠፍ ንገራቸው። የትኛው መስኮት ይዘጋ ብለህ ጠይቅ፤ ይህን የሚጠይቅ ፎቶ አንሺ እስካሁን አልገጠመኝም። ገንዘብ የምትሰጥ ከሆነ ለቤቱ ትልቅ ሰው በእጅ ስጥ። እምቢ ካሉህ መንገዱ አለልህ፤ ከመንገድ ላይ የሚታየውን የቤቱን ፊት ብታነሳ ማንም አይጣላህም። በአጥር ላይ የተዘረጋ ክንድ ግን ከመንገድ ማንሳት አይባልም፣ ድሮንም እንደዚያው።

ሙሽራዋ ታውቃለች ብዬ አላስብም። መስኮቱን አጉልተህ አሳያት። ካየች በኋላም አልበሜ ውስጥ ይቀመጥ የምትል ከሆነ ይገርመኛል። መስኮቱን ቆርጠህ ያንን ገጽ በራስህ ወጪ እንደገና አሳትምላት፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም።

እናትየዋ ጋ ስትሄድ ካሜራ አትያዝ። በሽተኛ ጠያቂ ሆነህ ሂድ፤ ብርቱካን ወይም ሙዝ ይበቃል። ፎቶው መውረዱን ንገራቸው፣ የሌሎቹን ፎቶ አንሺዎች ስልክ ካገኘህም አንተው ደውለህ አስቁማቸው። የተሰበረውን እንጨት በቶርኖ የሚያወጣ አናጺ ፈልገህ ዋጋውን አጣርተህ ሂድ። አናጺውን ግን በመጀመሪያው ቀን ይዘኸው አትግባ፤ መቼ እንደሚመጣ እሳቸው ይንገሩህ።