ሶፍ ዑመር ተማሪ ይዛ ለምትሄደው መምህርት፦ ከአውቶቡሱ በፊት ወንዙን ጠይቂ

«42 የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ይዘን በአጋማሽ ዓመቱ እረፍት ሶፍ ዑመር ዋሻ ልንሄድ ነው፤ አውቶቡስና ምሳ ጨርሰናል፤ ሌላ ምን ይቀረናል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ ያለቀልሽ ቀላሉ ነው። የቀረሽ ደብዳቤ፣ መብራትና ውሃ ነው። ውሃ ስል የሚጠጣውን ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ እንደምትነሱና ሮቤ እንደምታድሩ ቆጥሬ ነው የምጽፍልሽ፤ እስከ ሮቤ ብቻ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌላ አማራጭም የለም።

1. ደብዳቤ። አብዛኛው ትምህርት ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ለባሌ ዞን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት» ብሎ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ይነሳል። ባሌ ግን አሁን ሁለት ዞን ነው፤ የባሌ ዞን መቀመጫ ሮቤ፣ የምሥራቅ ባሌ ደግሞ ጊኒር ነው። ደብዳቤውን ከማስተየብሽ በፊት ዋሻው ያለበት መንደር ካሉት አስጎብኚዎች ጋር በስልክ ተነጋግረሽ የየትኛው ዞንና ወረዳ ማህተም እንደሚጠየቅ አረጋግጪ። ከዚያ ለዞኑ ጻፉና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ ለወረዳው ፖሊስና ለቀበሌው ግልባጭ ይሁን። ግልባጩን በፖስታ አትላኪው፤ በእጅሽ ያዢው። አምስት ኮፒ፣ ሁሉም እርጥብ ማህተም ያለበት። የተማሪዎችና የመምህራን ስም ዝርዝር፣ የመኪናው ታርጋና የሾፌሩ ስም ይያያዝበት፤ ኬላ ላይ የሚጠየቀው ይኸው ነው። የመንገዱን ጸጥታም በዚያው ስልክ ጠይቂ፤ ከዚያ ደግሞ በመነሻችሁ ዋዜማ ድገሚው።

ይህን የማጠብቀው በምክንያት ነው። ግልባጭ የጎደለበት ቡድን ሕፃናት ፀሐይ ላይ አስቁሞ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከሰዓት ተመለሱ» የሚባልበት ቢሮ አለ። የ14 ዓመት ልጅ ሌሊት ተነስቶ መጥቶ በአንዲት ወረቀት ምክንያት ሁለት ሰዓት ሲጉላላ ማየት ያንገበግባል። ቁጣ በር አይከፍትም፤ የተሟላ ወረቀት ግን ይከፍታል።

2. መብራት። የስልክ መብራት እንደ መብራት አይቆጠርም። አንድ እጅ ይይዛል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ልጁ ሲንሸራተት መጀመሪያ የሚለቀው ስልኩን ነው። የሚያስፈልገው ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ነው። ለ42 ተማሪ 42 መግዛት የለብሽም። ተማሪዎቹን በአራት ክፈያቸው፤ ሁለቱ ቡድን አሥር አሥር፣ ሁለቱ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ይሆናሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ቡድን ብቻ ከሁለት መምህራንና ከአንድ አስጎብኚ ጋር ይግባ። ለትልቁ ቡድን 14 ሰው 14፣ መጠባበቂያ 3፣ በድምሩ 17 ባትሪ ይበቃል። ብዙዎቹ ሦስት ሦስት ቀጭን የባትሪ ድንጋይ ስለሚወስዱ 51 ድንጋይ ያስፈልጋል፤ በላዩ ላይ ተጨማሪ 24 ያዢ። አዲስ አበባ ሳላችሁ እያንዳንዱን ለአንድ ሰዓት አብርታችሁ ፈትሹ፤ ርካሹ ዕቃ የሚሞተው ልክ በሠላሳኛው ደቂቃ ነው። ሁለቱ መምህራን ከግንባሩ ሌላ በኪሳቸው ትንሽ የእጅ ባትሪ ይያዙ። መብራት የጠፋበት ልጅ ቆሞ መጣራት እንጂ መራመድ እንደሌለበት ከመግባታቸው በፊት በቃል ያስጠኗቸው።

አንድ ዙር 45 ደቂቃ ነው። አራቱ ከነመቀያየሪያው ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃሉ። ሮቤን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከለቀቃችሁ በጎሮ በኩል ሦስት ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ትጨርሳላችሁ፣ ሳይመሽ ሮቤ ትመለሳላችሁ። ውጭ የሚቀሩት ከሠላሳ በላይ ተማሪዎች ከአራት መምህራን ያላነሰ ጠባቂ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ስድስት መምህር ከሌለሽ የተማሪውን ቁጥር ቀንሺ።

3. ውሃ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስደሽ አንብቢ። ዋሻውን የቦረቦረው የወይብ ወንዝ ዛሬም በውስጡ ያልፋል። ወንዙ የሚነሳው ከባሌ ተራሮች ነው፤ በዲንሾ አካባቢ ወርዶ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው ዋሻው የሚደርሰው። ስለዚህ ዋሻው በር ላይ የምታዪው ሰማይ ምንም አይነግርሽም። ቆላው ላይ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ደጋው ላይ ሌሊት የዘነበው ዝናብ በማግስቱ ሊደርስ ይችላል። ሰፊ ሸለቆ ውስጥ አንድ ክንድ የሚነሳ ውሃ ጠባብ የድንጋይ መተላለፊያ ውስጥ ሲገባ ከፍታው ይባስ ይጨምራል። «እኛ ጋ እኮ አልዘነበም» ማለት ብዙ ሰው የሚታለልበት ነው።

የመረጥሽው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አጋማሽ ወንዙ ዝቅ የሚልበት ወቅት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከክረምቱ እስከ ጥቅምት ግን ተማሪ ይዞ መግባት አይገባም፤ ርዕሰ መምህሩ «ወደ ፋሲካ እናዙረው» ቢል እምቢ በይ። ያም ሆኖ በበጋም ቢሆን ጠይቂ። በዶዶላ በኩል ስትመጡ ዲንሾን ታልፋላችሁና እዚያ ወርደሽ «ትናንትና ከትናንት ወዲያ ዘንቦ ነበር ወይ?» በይ። ዘንቦ ከሆነ በማግስቱ ወደ ዋሻው ውስጥ የሚገባ አይኑር፤ አፉን፣ መንደሩንና ገደሉን አይታችሁ ተመለሱ። የተከፈለው ገንዘብ እንዳያስገድድሽ ይህን ውሳኔ ለወላጆች በሚላከው ደብዳቤ ላይ አስቀድመሽ ጻፊው።

ደርሳችሁ ደግሞ አስጎብኚው ውሃው ዳር አንድ ድንጋይ ያስቀምጥ። ውጭ ያለ አንድ መምህር በየአሥራ አምስት ደቂቃው ሄዶ ይየው። ድንጋዩ ከረጠበ፣ ውሃው ወደ ቀይ ቡና መልክ ከተለወጠ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ መንሳፈፍ ከጀመረ ወይም ድምፁ ከተቀየረ ሦስት ጊዜ ፊሽካ ይነፋ፤ ውስጥ ያለው ቡድን በገባበት ይውጣ። በሌላው በር እንውጣ የሚል ሐሳብ አይነሳ። ለቱሪስት የሚያሳዩት መንገድ በመንደሩ በኩል ካለው አየው ማኮ ከሚባለው አፍ ተነስቶ ሆሉቃ በሚባለው በሌላው አፍ የሚወጣ ሲሆን ወንዙን ደጋግሞ ያሻግራል። ዋና የሚችል ጎልማሳ ይሂደው። የ8ኛ ክፍል ተማሪ ግን ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ፣ በጨለማ፣ በሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ ሊራመድ አይገባውም። ስለዚህ ከአስጎብኚው ጋር ሳትገቡ ተስማሙ፦ በደረቅ መሬት እስከሚያስኬደው፣ ከመጀመሪያው መሻገሪያ መመለስ። «ትንሽ ብቻ ነች፣ ልጆቹን እኛ እናሻግራለን» ይሉሻል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ማሳየት ስለሚወዱ ነው የሚሉት። ኃላፊነቱ ግን ያንቺ ነው።

ቆጠራው እንዲህ ይሁን፦ ለእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ስጪ፣ ጥንድ ጥንድ አድርጊያቸው፣ ስትገቡ፣ መመለሻው ላይና ስትወጡ እያንዳንዱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጥራ። አንድ መምህር ከፊት ከአስጎብኚው ቀጥሎ፣ ሌላው መጨረሻ ላይ፤ ከመጨረሻው መምህር ኋላ ማንም አይቅር።

የወላጅ ፈቃድ ላይ «አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጨለማ ፍርሃት» የሚል ጥያቄ ይኑር። የሌሊት ወፍ ኩስ በሞላበት ቦታ አቧራው ውስጥ ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖር ይችላል፤ አስም ያለበት ልጅ አፉ አካባቢ ይቅር፣ ሌሎቹ ጭምብል ያድርጉ፣ አፈሩን በእግር አያቡንኑት፣ ሳይታጠቡ ምሳ አይንኩ። ሮቤ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ዋሻው ወደ 1300 ነው። ጠዋት ሹራብ የለበሰ ልጅ ቀትር ላይ ሙቀቱ ይጥለዋል። ለሰው ሁለት ሊትር፣ ለ48 ሰው 96 ሊትር የሚጠጣ ውሃ ከሮቤ ጫኑ፤ ነዳጅም እዚያው ይሞላ። ሰንደልና ክፍት ጫማ ያደረገ አይግባ።

ቦታው የሼህ ሶፍ ዑመር መታሰቢያና የተከበረ የጸሎት ስፍራ ነው፤ ሰው ሊሳለም ከሩቅ ይመጣል። ልጆቹ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፣ ሴቶቹ ሻሽ ይያዙ፣ የሚጸልይን ሰው ፎቶ አያንሱ። «ሆልቃ» በኦሮምኛ ዋሻ ማለት እንደሆነ ንገሪያቸው። ምሰሶዎቹ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ይህን ጠይቂያቸው፦ እነዚህ ከላይ ተንጠባጥቦ የተሠሩ ናቸው ወይስ የተረፉ? የኖራ ድንጋዩን ውሃ እያሟሟ ሲያነሳው ሳይነካ የቀረው ነው ጣሪያውን ተሸክሞ የቆመው። የጂኦግራፊ መምህሩ ክፍል ውስጥ ሳምንት ቢያስተምር ይህን ያህል አይገባቸውም።

የአስጎብኚ ክፍያ ከመግባት በፊት ይለቅ፣ በጥሬ ገንዘብ ነው። የትምህርት ቤት ሒሳብ ክፍል ያለ ደረሰኝ አላወራርድም ስለሚል የክፍያ ወረቀት አዘጋጅተሽ ሂጂ፦ ስም፣ መጠን፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ከታች የቀበሌው ማህተም። ማህተሙን የያዘው ሰው ለምሳ ሳይወጣ፣ ማለትም የመጀመሪያው ቡድን ዋሻ ውስጥ ሳለ አስመቺው።