ግሎሲ ሁሉ የፎቶ ወረቀት አይደለም

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ሐዋሳ ላይ ኤፕሰን ኤል 805 ፕሪንተር ገዝተሽ የፎቶና የሠርግ ካርድ ሥራ ጀምረሻል። ባለ 200 ግራም ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ) ወረቀት ገዛሽ። ያተምሽው ፎቶ ግን በማግስቱም በእጅ ሲነካ ቀለሙ ይለቃል። አንዱ ቀለም ቀይሪ አለሽ፣ ሌላው ሄዱን (ቀለም የሚረጨውን የማሽኑን ክፍል) አጽጂ አለሽ። አንቺ ማወቅ የፈለግሽው ግን የትኛው ወረቀት ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ ፎቶ ቤት ውስጥ ስሠራ ቆይቻለሁ። ከጉርድ ፎቶ እስከ ካፌ ሜኑ አትሜያለሁ። አዲስ ሥራ የሚጀምሩ ልጆች በወረቀት ምክንያት ገንዘባቸውን ሲያጡ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ቀለሙን አትቀይሪ። ሄድ ክሊኒንግም አትደጋግሚ። እያንዳንዱ ክሊኒንግ ቀለም ይጨርሳል፤ የወጣው ቀለም ደግሞ ማሽኑ ውስጥ ያለውን መምጠጫ ስፖንጅ ይሞላዋል። የኖዝል ቼክ፣ ማለትም ቀለም የሚረጩትን ቀዳዳዎች መፈተሻ ገጽ፣ አውጪ። ስድስቱም ቀለማት መስመራቸው ሳይቆራረጥ ከወጣ ማሽንሽ ጤነኛ ነው። እንደ ነገርሽን ከሆነ የሸጡልሽ አርት ፔፐር ነው።

አርት ፔፐር መጥፎ ወረቀት አይደለም። መጽሔትና ብሮሹር የሚታተመው በእሱ ነው። ግን የተሠራው ለኦፍሴት ማተሚያና ለሌዘር ነው። ፊቱ እንደ ካኦሊንና ካልሲየም ካርቦኔት ባሉ ማዕድናት ተቀብቶ፣ ተጭኖ እንዲያብረቀርቅ ተደርጓል። የኦፍሴት ቀለም ቅባትነት አለው፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ ይደርቃል። የሌዘር ቶነር ደግሞ ዱቄት ነው፤ በሙቀት ቀልጦ ይጣበቃል። የአንቺ ማሽን ቀለም ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃ መግቢያ ይፈልጋል። አርት ፔፐር ላይ መግቢያ ስለማያገኝ በላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ላይ እንደፈሰሰ ሻይ ተንጣልሎ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ብታሰጪውም ዋጋ የለውም።

የኢንክጄት ወረቀት፣ ማለትም እንደ አንቺው ፈሳሽ ቀለም ለሚረጭ ማሽን የተሠራው፣ ሌላ ነገር ነው። ፊቱ ላይ ቀለሙን የሚቀበል ቅብ አለው። በዛሬዎቹ ወረቀቶች ይህ ቅብ በብዛት ከሲሊካ ወይም ከአሉሚና የሚሠራ ነው፤ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ሞልተውታል። የቀለሟ ጠብታ እዛው በወደቀችበት ቦታ ትሰርጋለች፤ ወደ ጎን አትሰፋም። የፎቶው ጥራትም፣ ቶሎ መድረቁም የሚመጣው ከዚህ ቅብ ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትገቢ "ግሎሲ አለ?" ብለሽ አትጠይቂ። "የኢንክጄት የፎቶ ወረቀት አለ?" በይ። ማሸጊያው ላይ "ኢንክጄት" የሚል ጽሑፍ ካላየሽ ተይው። "ለሁሉም ይሆናል" የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ ደግሞ አንድ ሉክ ናሙና ስጠኝ በይው።

ማሸጊያው ተከፍቶ በልቅ የሚሸጥ ከሆነ መለያ መንገድ አለ። ጥግ ላይ ትንሽ የውሃ ጠብታ አድርጊ። አርት ፔፐር ላይ ጠብታዋ ቁጭ ትላለች፤ ቶሎ በሶፍት ስትጠርጊያት ምልክት እንኳን አትተውም። የኢንክጄት ወረቀት ላይ ግን ትሰርጋለች ወይም ቦታው ይለወጣል። ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት ከሆነና የትኛው ፊቱ እንደተቀባ ከጠፋሽ፣ ጣትሽን በትንሹ አርጥበሽ ጥጉን በሁለቱም በኩል ያዢው። ጣትሽ ላይ ለጠቅ የሚለው ወገን የሚታተምበት ነው። በተሳሳተው ፊት አትሞ ወረቀቱ ረከሰ የሚል ሰው ብዙ ነው።

አሁን ግራም ላይ እንምጣ። ብዙ ሰው "ባለ 200 ግራም ነው፣ ጥሩ ነው" ይላል። ግራም የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው እንጂ ጥራት አይደለም። ባለ 120 ግራም የኢንክጄት ማት ከባለ 300 ግራም አርት ፔፐር እጅግ የተሻለ ፎቶ ያወጣልሻል። ግራሙ የሚነግርሽ በእጅ ሲያዝ ምን ያህል እንደሚከብድና እንደሚጠነክር ነው።

ግን የተጻፈው ግራም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ይህን በሚዛን ማረጋገጥ ትችያለሽ። 16 ሉክ ኤ4 አንድ ካሬ ሜትር ይሞላል። ስለዚህ ባለ 80 ግራም የሆነ አንድ ሉክ 5 ግራም ይመዝናል፤ 500 ሉኩ 2.5 ኪሎ ነው። ባለ 70 ከሆነ ወደ 2.2 ኪሎ ይወርዳል። የፎቶ ወረቀትም እንዲሁ ነው። 20 ሉክ ባለ 200 ግራም፣ ማሸጊያው ሳይቆጠር፣ 250 ግራም መምጣት አለበት። ባለ 260 ከሆነ 325 ግራም። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃሻል። 260 ተብሎ 210 የሚመዝን ወረቀት ገበያው ላይ አለ፤ በብዛት ከመግዛትሽ በፊት አንድ ፓኬት መዝኚ።

ወደ ፎቶው ስንመጣ፣ ገበያ ላይ የምታገኚያቸው የሚያብረቀርቁ የኢንክጄት ወረቀቶች በሁለት ይከፈላሉ፤ የዋጋ ልዩነታቸውም ከዚህ ይመጣል። ርካሹ ካስት ኮትድ የሚባለው ነው። ከ115 እስከ 230 ግራም ድረስ ይገኛል። ሥሩ ተራ ወረቀት ነው። ፊቱ ጥሩ ያብረቀርቃል፣ ቀለምም ይቀበላል፤ ግን ብዙ ቀለም ሲጠጣ ይጠማዘዛል፣ ሲታጠፍም ፊቱ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው አር ሲ ነው። ወረቀቱ በሁለቱም በኩል በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ከላይ ቅቡ ይደረግበታል። አብዛኛውን ጊዜ ከ240 እስከ 270 ግራም ነው። ከጀርባው ለስለስ ይላል፤ ጥጉን ብትቀጂው ስስ ፕላስቲኩ ሲሳብ ታያለሽ። በእጅ ሲያዝ የፎቶ ላብራቶሪ ሥራ ይመስላል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ደንበኛ አልበም ውስጥ ለሚያስቀምጠው ፎቶ፣ ለምርቃት፣ ለሠርግና ለክርስትና፣ አር ሲ ተጠቀሚ። ዋጋውን ጨምሪና ለደንበኛው ልዩነቱን አሳዪው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታሳዪው ብዙ አይከራከርሽም። ከግሎሲ ይልቅ ደግሞ ሳቲን ወይም ላስተር የሚባለውን እመርጣለሁ። የጣት አሻራ ብዙም አይይዝም፣ ብርሃንም እንደ ግሎሲ አያንጸባርቅም፣ የሰው ፊት ያምርበታል። ለሦስት በአራት ጉርድ ፎቶ ግን ካስት ኮትድ 180 ወይም 200 ይበቃል። እንዲያውም ቅጽ ላይ በሙጫ ስለሚለጠፍ የወረቀት ጀርባው ይሻላል፤ የአር ሲ የፕላስቲክ ጀርባ የውሃ ሙጫ በደንብ አይይዝም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ለኔ በጣም ትልቅ ቦታ ያለው ሥራ ነው። ሰዎች የአባት የእናታቸውን የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዴ በቤቱ ያለው ፎቶ እሱ ብቻ ነው። ይህን በሚያብረቀርቅና ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ነጭ ወረቀት አታትሚው። ብዙ ወረቀቶች በጣም ነጭ እንዲመስሉ ማንጫ ኬሚካል ይጨመርባቸዋል። ያ ነጭነት የድሮ ፎቶን ሕይወት ይወስዳል፤ ኬሚካሉ ከጊዜ ጋር ሲደክምም ወረቀቱ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ለዚህ ሥራ ነጭነቱ ሞቅ ያለ፣ ወደ ክሬም የሚያደላ ማት ወረቀት ፈልጊ። ካገኘሽ ከጥጥ የተሠራ የሥነ ጥበብ ወረቀት ከሁሉ ይበልጣል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። ማሽንሽ ግራጫውን ከባለ ቀለሞቹም ስለሚቀላቅል፣ ጥቁርና ነጩ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ ሊያደላ ይችላል። መጀመሪያ በትንሽ ቁራጭ ሞክሪና በቀን ብርሃን እዪው። በአምፖል ብቻ አትፍረጂ።

የሠርግ ካርድ ሌላ ጉዳይ ነው። የሚታጠፍ ነገር አር ሲ ላይ አይሠራም፤ ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፣ ጀርባውም ቀለም አይቀበልም። ሁለቱም ፊቱ የተቀባ ማት ከ180 እስከ 230 ግራም ፈልጊ። ከማጠፍሽ በፊት መስመሩን ቀለም በጨረሰ እስክሪብቶና በማስመሪያ ጫን ብለሽ አስምሪ። ወረቀት ልክ እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው፤ በአንድ በኩል ቀጥ ብሎ ይታጠፋል፣ በሌላው ይሸረካከታል። ትንሽ ቁራጭ በሁለቱም አቅጣጫ አጥፈሽ እዪና ዲዛይንሽን በዚያ አዙሪ። ብሪስቶል (ያልተቀባ ጠንካራ የካርድ ወረቀት) ላይ ጽሑፍ ብቻ ካለ ይሆናል፤ ፎቶና ደማቅ ቀለም ግን ይፈዛል።

ለካፌ ሜኑ ማት 120 ወይም 180 ላይ አትመሽ ላሚኔት አድርጊው። የአንቺ ማሽን ቀለም ዳይ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ላሚኔት ከማድረግሽ በፊት ግን በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበት ካለው በሙቀቱ አረፋ ይሠራል። ለተራ ጽሑፍ ባለ 80 ግራም ይበቃል።

ወረቀቱ ትክክል ሆኖ ሥራው የሚበላሽበት ትልቁ ምክንያት ሴቲንግ ነው። ስታትሚ "ፔፐር ታይፕ" የሚለውን ካልቀየርሽው ማሽኑ "ፕሌይን" ነው ብሎ ያስባል። ማሽኑ ወረቀቱን አያውቅም፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስንት ቀለም እንደሚረጭ የሚወስነው ይህ ምርጫ ነው። ፕሌይን ካልሽው ፎቶሽ ፈዞ፣ መስመር መስመር ሆኖ ይወጣል። ለተራ ወረቀት ግሎሲ ካልሽው ደግሞ ወረቀቱ ይበሰብሳል። ለአር ሲ ግሎሲ "ፕሪሚየም ግሎሲ"፣ ለሳቲን "ሰሚግሎስ"፣ ለማት "ማት" ብለሽ ጀምሪ። የወረቀቱ ስም ከኤፕሰን የተለየ ስለሆነ ሁሉንም አንድ ጊዜ አትመሽ አወዳድሪ፤ የተሻለውን ማሸጊያው ላይ በእስክሪብቶ ጻፊበት።

ከስር የካኖን ጂ ማሽን አለኝ፣ ፎቶ ላይ ጥቁሩ በጣት ይነሳል ላለው ወንድማችንም መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው። በብዙዎቹ የጂ ማሽኖች ጥቁሩ ፒግመንት (ያልሟሟ ደቃቅ ዱቄት ያለበት ቀለም) ነው፣ ሦስቱ ቀለማት ግን ዳይ ናቸው። ፒግመንት ጥቁር የሚያብረቀርቅ ወረቀት ውስጥ አይሰርግም። ወረቀቱን የፎቶ ብለህ ስትመርጥ ማሽኑ ጥቁሩን ከሦስቱ ቀለማት ቀላቅሎ ይሠራል። ፕሌይን ላይ ከተውከው ግን ፒግመንቱን ይረጫል፤ ፀጉሩና ሱፉ በጣትህ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ማሽንሽን ያገለገለ ከገዛሽው ደግሞ አንድ ነገር አረጋግጪ። ኤል 805ን ኩባያና ቲሸርት ለማተም የሰብሊሜሽን ቀለም ሞልተው የሚጠቀሙበት ብዙ ናቸው። ያ ቀለም በሙቀት ካልተላለፈ የሚገባውን ቀለም አያሳይም፤ ጥሩ የፎቶ ወረቀት ላይም ፈዛዛ ነው። እንዲህ ከሆነ ከላይ ያልኩሽ ሁሉ አይሠራም። ሻጩን ጠይቂው።

ያተምሽውን ወዲያው አትደራርቢ። መስታወት ውስጥ የሚገባ ፎቶ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር፤ አለበለዚያ የሚወጣው እርጥበት መስታወቱን ከውስጥ ያደበዝዘዋል። ለግድግዳ ለሚሰቀል ፎቶ መስታወት ወይም ላሚኔት እንዲደረግበት ለደንበኛሽ ንገሪው። ዳይ ቀለም ክፍት ሆኖ ሲሰቀል ፀሐይ ብቻ ሳይሆን አየሩ ራሱ ያፈዘዋል። በክረምት ደግሞ የተከፈተ ፓኬት አየር እንዳይገባው በፕላስቲክ ጠቅልለሽ፣ ከሲሚንቶ ወለል አርቀሽ፣ ተኝቶ እንዲቀመጥ አድርጊ። ማታ ወረቀት ማሽኑ ላይ ትተሽ አትሂጂ፤ አቧራ ይዞ ጠዋት ወደ ውስጥ ይገባል።

የተረፈሽን አርት ፔፐር አትጣይው። ያልተከፈተውን ሱቁ እንዲቀይርልሽ ጠይቂ። የተከፈተውን ባለ ቀለም ሌዘር ላላቸው ማተሚያ ቤቶች በቅናሽ መሸጥ ትችያለሽ፤ ለእነሱ ትክክለኛ ወረቀት ነው። ተቃራኒውን ግን እንዳታደርጊ አደራ። የኢንክጄት የፎቶ ወረቀት ሌዘር ውስጥ ከገባ ሙቀቱ ፕላስቲኩንና ቅቡን አቅልጦ ሮለሩ ላይ ይለጥፈዋል። የዚያ ጥገና ከወረቀቱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። አሁን የገዛሽውን ማሸጊያ ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልን፤ የተጻፈበትን አይቼ የቱን ሴቲንግ እንደምትጀምሪበት ወይም እንደምትመልሺው እነግርሻለሁ።