ከቁፋሮ እስከ ርክክብ፦ ለጅማው የሕንፃ ኮሚቴ ጸሐፊ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ በንግድ ሥራ የተሰማራን ሰዎች ማኅበር አቋቁመን፣ ወደ አዌቱ ወንዝ ዝቅ በሚለው ሠፈር ላይ ቤዝመንት ያለው ባለ ስድስት ፎቅ የገበያ ሕንፃ ለመሥራት ዲዛይን አስጨርሰናል። ጨረታውን ያሸነፈው ሥራ ተቋራጭ ቁፋሮው በግንቦት እንዲጀመርና 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ እንዲሰጠው ጠይቋል። ከአባላቱ ገሚሱ ደግሞ ሲሚንቶውንና ፌሮውን ራሳችን ገዝተን የእጅ ዋጋ ብቻ እንክፈል ይላሉ። እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ሥራውን ከእቅድ እስከ ርክክብ እንዴት እንምራው? የምድሩን ሱቆችስ ሕንፃው ሳያልቅ ማከራየት እንችላለን?

መልስ፦ የተከበሩ ጸሐፊ፣ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ አስቸኳዩ የግንቦቱ ቁፋሮ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ፤ መልሴም አይጀመር የሚል ነው። በጅማ ዝናቡ ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ ይሄድና መስከረም ካለቀ በኋላም ቶሎ አይለቅም። በግንቦት የተከፈተ የቤዝመንት ጉድጓድ ፉቲንጉ፣ ማለትም የመሠረቱ የኮንክሪት እግር፣ ሳይሞላ ክረምት ይገባበታል፤ የጉድጓዱ ግድግዳ ይናዳል፣ ፓምፕ ቀንና ሌሊት ሲሠራ ይከርማል፣ የሁሉም ወጪ መጨረሻ ላይ ወደ ማኅበሩ ይመጣል። በዚያ ላይ በከተማው ዝቅተኛ ቦታዎች ዋልካ አፈር ብዙ ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ረጥቦ ከላላ በኋላ ደግሞ መሠረት የሚሸከምበት አቅም ከነበረው በእጅጉ ይወርዳል። ቁፋሮው በኅዳር ተጀምሮ ፉቲንጉ፣ የቤዝመንቱ ግድግዳና የዙሪያው ሙሌት እስከ የካቲት መጨረሻ እንዲያልቅ አድርጋችሁ የጊዜ ሰሌዳውን ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ሥሩት። ተቋራጩ ይህን ሰሌዳ አልቀበልም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ።

በዚህ ሰሌዳ ላይ አንድ የአገራችን ጣጣ አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ስለሆነ የቀን ሠራተኛው ወደየወረዳው ይበተናል፤ የሚቀረውም ዋጋውን ይጨምራል። ደረቁ ወራት የሚጀምረውም በዚያው ጊዜ ነው። በመሆኑም ቁፋሮው በኤክስካቫተር እንዲሆን፣ የፌሮ ቆረጣውና የፎርምወርኩ (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ዝግጅት ደግሞ ከጥቅምት በፊት በመጋዘን ጥላ ሥር እንዲያልቅ አስቀድማችሁ በውሉ አስገቡት።

ከአሁን እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ግን የሚባክን አይደለም። በመጀመሪያ መሐንዲሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ ዲዛይኑ የተሠራው በየትኛው የአፈር ምርመራ ሪፖርት ላይ ተመሥርቶ ነው? መልሱ “በአካባቢው ልምድ” ከሆነ ዲዛይኑ አልተጠናቀቀም ማለት ነው። ይህን ለመሰለ ሕንፃ ቢያንስ ሦስት የጉድጓድ ቁፋሮዎች፣ እያንዳንዳቸው ከፉቲንጉ ሥር የፉቲንጉን ወርድ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ጠልቀው፣ ናሙናቸው ለእብጠት ጭምር በላብራቶሪ መፈተሽ አለበት ባይ ነኝ። ምርመራው በክረምት መደረጉ አንድ ጥቅም አለው፤ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ የሚለው ያን ጊዜ ስለሆነ፣ በነሐሴ በጉድጓዶቹ ውስጥ የተለካው የውኃ ከፍታ ቤዝመንቱ ማኅበሩን ምን ያህል እንደሚያስወጣው በግልጽ ይነግራችኋል። ውኃው ከቤዝመንቱ ወለል በላይ ከተገኘ ቤዝመንቱን ለመተው መወያየት የሚገባው በወረቀት ላይ ሳለ ነው። ለወንዝ ቅርብ በሆነ ቦታ ላይ ለመጋዘንነት ብቻ የሚፈለግ ቤዝመንት፣ በእኔ ግምት፣ ወጪውን አይመልስም።

ተቋራጩ ለምርመራው የሚወጣውን ገንዘብ ቢያጣጥል የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 3039 አስታውሱት። ሥራ ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ዋስ ነው፤ ጉዳቱ የመጣው ሕንፃው በቆመበት መሬት ጠባይ ምክንያት ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። ይህን የሚያውቅ ተቋራጭ የአፈር ምርመራውን ከእናንተ ቀድሞ ይጠይቃል።

ወደ ቅድሚያ ክፍያው እንምጣ። በመንግሥት ግዥ ቅድሚያ ክፍያ ከውሉ ዋጋ ከ30 በመቶ አይበልጥም፤ የግል ማኅበር ሆናችሁ በዚህ ባትገደዱም ልኩን የሚያሳይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከመቶኛው ይልቅ በምትኩ የምትቀበሉት ዋስትና ነው። ዋስትናው በመጀመሪያ ጥያቄ የሚከፈል፣ ቅድመ ሁኔታ የሌለው የባንክ ዋስትና ይሁን፤ የተቋራጩ ጥፋት መረጋገጥ አለበት የሚል ሐረግ ያለበት ሰነድ ገንዘቡ በሚፈለግበት ቀን ወደ ክርክር ይከታችኋል። የዋስትናውን ማብቂያ ቀን በኮሚቴው መዝገብ ላይ ጽፋችሁ፣ ከዚያ አንድ ወር አስቀድማችሁ የማራዘሚያ ደብዳቤ ጠይቁ። ቅድሚያ ክፍያው ከእያንዳንዱ የክፍያ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ለተሠራው ሥራ ገንዘብ ከሚከፈልበት ሰነድ፣ በተመጣጣኝ መጠን ይቀነስ። ሰርተፊኬቱ ደግሞ “ሥራው 40 በመቶ ደርሷል” በሚል ግምት ላይ ሳይሆን፣ አማካሪው፣ ማለትም ሥራውን በእናንተ ስም የሚቆጣጠረው መሐንዲስ፣ ከተቋራጩ ጋር ሜትር ይዞ ለክቶ በፈረመው ልኬት ላይ የቆመ ይሁን።

አባላቱ ስለ እጅ ዋጋ ያነሡትን ሐሳብ ለመኖሪያ ቤት ብትጠይቁኝ እደግፈው ነበር፤ ለዚህ ሕንፃ ግን አልደግፈውም። ሲሚንቶው በሰዓቱ ካልደረሰ ሠራተኛው ይቆማል፤ ተቋራጩም ላልሠራበት ቀን ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ትክክልም ነው፤ ምክንያቱም ያዘገየው አቅራቢው፣ ማለትም እናንተ ናችሁ። ሲሚንቶ ከአዲስ አበባ ወዲያ ካሉ ፋብሪካዎች ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በሚደርስበት ከተማ ይህን ሸክም ባለሱቆች በትርፍ ጊዜያቸው ሊሸከሙት አይችሉም። ግዥው የተቋራጩ ይሁን፤ ከመኪና ሲወርድ የመፈተሹና የመመለሱ ሥልጣን ግን የእናንተና የአማካሪያችሁ ይሁን። አሸዋውን ለምሳሌ እንውሰድ። ከጋምቤላም ሆነ ከወራቤ ቢመጣ የጭነቱ ስም አያድነውም፤ ግልጽ በሆነ ብርጭቆ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ አድርጋችሁ፣ ጥቂት ጨው ያለበት ውኃ ጨምራችሁ፣ ደኅና አድርጋችሁ ነቅንቃችሁ ለጥቂት ሰዓት አስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ የሚረጋው ደለል ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ፣ ማለትም በአገራችን ከሚፈቀደው 6 በመቶ ካለፈ፣ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። ይህ የሳይት ፈተና ጥርጣሬን ለማስነሣት ነው፤ መጨረሻውን የሚቆርጠው ላብራቶሪው ነው።

ቁፋሮው ሲጀመር የኮሚቴው ዋና ሥራ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ የሚሸፈን ሥራ ሁሉ ከመሸፈኑ በፊት ይታይ፣ ይለካ፣ ፎቶ ይነሣ፣ በሳይት መዝገብ ላይ ተጽፎ ይፈረም። የጉድጓዱ የመጨረሻ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ሊን ኮንክሪት (ከፉቲንጉ ሥር የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት) በሚፈስበት ቀን ጠዋት ብቻ ይቆፈር፤ በዚህ ጥንቃቄ ሳይጠበቅ የሚመጣ ዝናብ የሚያበላሸው የሚቆፈረውን ንብርብር ብቻ ይሆናል። ወለሉ ረጥቦ ከላላ ጭቃው እስከ ጠንካራው አፈር ድረስ ተጠርጎ ይውጣ። በጭቃው ላይ ድንጋይ ጠቅጥቆ ማለፍ በብዙ ሳይት የተለመደ ነው፤ አትፍቀዱ።

ፌሮው ሲታሰር ዲዛይኑን በእጃችሁ ይዛችሁ ቁጥሩንና ዲያሜትሩን ብቻ አትቁጠሩ። የስታፋው፣ ማለትም ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ቀጭን ፌሮ፣ ጫፍ ወደ ኮሎኑ (ምሰሶው) ውስጥ 135 ዲግሪ መታጠፉን እዩ፤ በ90 ዲግሪ ብቻ የታጠፈ ስታፋ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ይከፈታል። የፉቲንጉ ፌሮ ከታች 5 ሳንቲ ሜትር የኮንክሪት ሽፋን እንዲኖረው በሲሚንቶ ስፔሰር (ፌሮውን ከወለሉ ከፍ አድርጎ በሚይዝ ቁራጭ) ላይ ይቀመጥ፤ የተሰበረ ብሎኬት ወይም ጠጠር ሥሩ ተሸጉጦ ብታገኙ አስነሡት።

ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ስለሚሞላበት ቀን በቁጥር ላስረዳ። ስፋቱ 400 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሶሌታ፣ ቢሙ (ሶሌታውን የሚሸከመው አግዳሚ) ሳይታሰብ፣ 60 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይፈልጋል። ሲ-25 ለሚባለው የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ እንደተለመደው በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ቢያዝ 216 ኩንታል፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎው 432 ከረጢት ይሆናል። በአንድ ጊዜ አንድ ከረጢት የሚያቦካ ሚክሰር በሰዓት 15 ጊዜ ቢያቦካ የሚያወጣው ሁለት ሜትር ኩብ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሚክሰሮች ሳያርፉ ቢሠሩ እንኳ ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጃሉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተጀመረ ሙሌት ከምሽቱ 2 ሰዓት ያልፋል፤ በመካከሉም ከሰዓት በኋላ የሚመጣው የጅማ ዝናብ አለ፣ የመብራት መቋረጥ አለ፣ ዓርብ ከሆነ ጁምዓ አለ፣ ረመዳን ከሆነ የጾመ ሠራተኛ ነው ከባዱን የሚሸከመው። ቀኑን ስትመርጡ ይህን ሁሉ አስቡ፤ ጄኔሬተርና ተጨማሪ ቪብሬተር (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቅ መሣሪያ) ሳይት ላይ ሳይቆም ሙሌት አይጀመር፤ ዝናብ ቢያስቆማችሁ ሥራው የት ላይ እንደሚቋረጥ መሐንዲሱ በዋዜማው በስፋኑ (በሁለት ድጋፎች መካከል ባለው ርዝመት) መካከለኛ ሢሶ ላይ ምልክት ያድርግ። የናሙና ኩቦቹ እየተሞላ ካለው ኮንክሪት በአማካሪው ፊት ተወስደው፣ ቀንና የሕንፃው ክፍል ተጽፎባቸው በ7 እና በ28 ቀን በገለልተኛ ላብራቶሪ ይሰበሩ። ተቋራጩ ብቻውን ያዘጋጀው ኩብ ማስረጃ አይሆናችሁም። ሶሌታው ቢያንስ 7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ዝናብ አለ ተብሎ አይተው፣ በዝናብ ማግስት የሚወጣው ፀሐይ ፊቱን ያደርቀዋልና። የሶሌታው ደጋፊ ከ14 ቀን፣ የቢሙ ደግሞ ከ21 ቀን በፊት አይነሣ።

ስለ አባላቱ ሳልናገር አላልፍም። ባለድርሻው ሁሉ ሳይት እየመጣ “የእኔን ሱቅ በር እዚህ አድርጉልኝ” ማለቱ አይቀርም፤ ፎርማኑም ትልቅ ሰው ላለማሳፈር እሺ ይላል፤ ከወራት በኋላ ያ እሺታ በተጨማሪ ሥራ ሒሳብ ተመልሶ ይመጣል። ለተቋራጩ ትእዛዝ የሚደርሰው በአማካሪው በኩል፣ በጽሑፍ፣ ዋጋውና የሚያስጨምረው ቀን አብሮ ተገልጾ ብቻ መሆኑን በጠቅላላ ጉባኤ አስወስኑና ቃለ ጉባኤውን ለተቋራጩ በደብዳቤ ላኩለት። ያለ ጽሑፍ የተሠራ ለውጥ እንደማይከፈል በውሉ ይስፈር።

የማጠናቀቂያ ሥራው በዓይን ስለሚታይ ሁሉም ይከታተለዋል፤ እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው። የውኃ ቧንቧው በልስን ከመሸፈኑ በፊት በግፊት ተሞክሮ ለ24 ሰዓት ይቆይ፤ የመጸዳጃ ቤቶቹ ወለልና የጣሪያው ሶሌታ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ውኃ ተይዞባቸው በማግስቱ ከሥር ይታዩ።

ርክክብ ሁለት ጊዜ ነው። በጊዜያዊው ርክክብ ጉድለቶች ክፍል በክፍል ተዘርዝረው የሚታረሙበት ቀን ይሰጣቸዋል፤ ሕንፃው በተግባር እንዴት እንደተሠራ የሚያሳዩት ስዕሎች፣ የፈተና ውጤቶችና የዕቃዎቹ ዋስትና የሚገቡትም ያን ጊዜ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍያ የሚያዘው መያዣ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ሲሆን፣ ግማሹ በጊዜያዊው ርክክብ፣ ግማሹ ከአንድ ዓመት በኋላ በመጨረሻው ርክክብ ይለቀቃል። በዚያ ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ የጅማ ክረምት ማለፉን አረጋግጡ፤ የቤዝመንቱ ግድግዳና ጣሪያው በነሐሴ ሳይታዩ የመጨረሻውን ሰነድ አትፈርሙ።

የሱቆቹን ኪራይ በተመለከተ፣ ከፍታው ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃ በ2001 ዓ.ም. በወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ምድብ ሐ ውስጥ ስለሚወድቅ፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳያገኝ ሰው አይገባበትም። ፈቃዱን ለጊዜው ብንተወው እንኳ፣ ከላይ ሥራ እየተሠራ ከታች ደንበኛ የሚመላለስበት ሳይት አደጋ ነው፤ ተከራይ ከገባ በኋላም የተሰበረውን መስተዋት ማን እንደሰበረው፣ የተዘጋውን ፍሳሽ ማን እንደዘጋው ከተቋራጩ ጋር መተማመን አይቻልም። የኪራይ ውል አስቀድማችሁ መዋዋልና ቀብድ መቀበል ትችላላችሁ፤ ቁልፉን የምታስረክቡበት ቀን ግን የመጠቀሚያ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ መሆኑ በውሉ ይጻፍ።