ቡሜራንግ ከማን ልማር ላሉት ጠያቂ

«ቡሜራንግ መወርወርና መሥራት ለመማር ከታወቁት ሰዎች የማንን ፈለግ ልከተል? የርቀት ክብረ ወሰን ከያዙት ብጀምርስ?» ብለው ጠይቀዋል። የገዙት ቡሜራንግ (ተወርውሮ ወደ ወርዋሪው እንዲመለስ የተቀረጸ ባለ ክንፍ ጎባጣ መወርወሪያ) አልመለስ እንዳለዎትም ጽፈዋል። እርስዎም እንደ እኔ ግራኝ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ ስለገመትኩ መልሴን በዚሁ ግምት አቀርባለሁ።

1. ከክብረ ወሰን አይጀምሩ። አውስትራሊያዊው ዴቪድ ሹሚ እ.ኤ.አ. በ2005 በኩዊንስላንድ 427.2 ሜትር ሲወረውሩ የተለካው የሄደበት ርቀት ብቻ ነው፤ መመለሱ ከቁጥር አልገባም። ስዊዘርላንዳዊው ማኑኤል ሹትስ በ1999 ቡሜራንጋቸውን 238 ሜትር ልከው መልሰውታል፤ እኔ የማደንቀው ይህንኛውን ነው። ሆኖም የረጅም ርቀት ቡሜራንግ ጠንካራ ክንድና እጅግ ሰፊ ባዶ ሜዳ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አይሆንም።

2. በሆላንዳዊው ፌሊክስ ሄስ ይጀምሩ። እኚህ ሰው በ1975 በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙት በዚሁ በቡሜራንግ አበራረር ላይ ባደረጉት ምርምር ነው። ቡሜራንጉ ቆሞ እየተሽከረከረ ሲሄድ ከላይ ያለው ክንፍ ወደ ጉዞው አቅጣጫ ስለሚዞር አየሩን ከታችኛው ይልቅ ፈጥኖ ይቀዝፋል፤ በዚህም የበለጠ ኃይል ያገኛል። ቡሜራንጉ ግን በፍጥነት ስለሚሽከረከር ይህ ልዩነት ከመገልበጥ ይልቅ አቅጣጫውን ቀስ በቀስ ያስለውጠዋል። ይህንን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ አንድ የቡሜራንግ ሻጭ ባልተጫወተብኝ ነበር።

ሻጩ ግራኝ መሆኔን እየነገርኩት የቀኝ እጅ ቡሜራንግ ሸጠልኝ። አልመለስ ሲለኝ ይዤ ብሄድ «ቡሜራንግ ግራና ቀኝ የለውም፤ ጥፋቱ የነፋሱ ነው» ብሎ ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ቀጠለ፤ ገንዘቤንም አልመለሰልኝም። ጃፓናዊው የጠፈር ተመራማሪ ታካኦ ዶይ በ2008 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ የወረቀት ቡሜራንግ ወርውረው እንደተመለሰላቸው ያኔ ባውቅ ኖሮ፣ በዚያ የትኛው ነፋስ እንደነፈሰ እጠይቀው ነበር። ሙከራውን እንዲያደርጉ የጠየቋቸው የቡሜራንግ የዓለም ሻምፒዮኑ ያሱሂሮ ቶጋይ ናቸው።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የጎበጠውን ገጽ ወደ እርስዎ አዙረው ጠርዞቹን በጣትዎ ይዳስሱ። ወፍራምና ክብ የሆነው ጠርዝ የሚቀድመው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሲያዞሩት ከሆነ የግራኝ ነው፤ በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ የቀኝ እጅ ነው። የቀኙን ገልብጦ መወርወርም አያዋጣም፤ ጠፍጣፋው ገጽ ያለቦታው ይውላልና። እኔ በመጨረሻ የቀኝ እጅ ንድፍ በወረቀት ላይ እንደ መስታወት ምስል ግራ ቀኙን አገላብጬ ቀጭን ኮምፔርሳቶ ላይ በማንሳት፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ራሴ ቀረጽኩት። ያም ቡሜራንግ እስከ ዛሬ በሚገባ ይመለሳል፤ ይህንንም ለሻጩ ጽፌለት መልስ አልሰጠኝም።

3. ስለ አስተማሪዎች ከተነሣ፣ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ሩህ አይዘለሉም። በ1970ዎቹ በዋሽንግተን ሕዝብን በሜዳ ላይ እያስተማሩ ስፖርቱን በአሜሪካ አስፋፍተዋል፤ በ1981 ወደ አውስትራሊያ የተጓዘው የአሜሪካ ቡድንም ባለቤቶቹን በሜዳቸው አሸንፏል። ባለቤቶቹ ስል ግን የቡሜራንግ እውነተኛ ባለቤቶች የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች መሆናቸው አይዘነጋም። ከእነርሱ አንዱ የነበሩት የዮርታ ዮርታው ቢል ኦነስ በ1952 ሜልበርን አቅራቢያ በቤልግሬቭ መደብር ከፍተው የወገኖቻቸውን የእጅ ሥራ ይሸጡ፣ ቡሜራንግም በአደባባይ ይወረውሩ ነበር፤ ለሕዝባቸው መብትም ታግለዋል። ስለ ቅርጽ ብቻ የሚያወሩ ብዙዎች ስማቸውን አለማንሳታቸው ያናድደኛል።

ስለ አወራወሩ የሚያገኟቸው ማብራሪያዎች አብዛኞቹ ለቀኝ እጅ የተጻፉ ስለሆኑ «ከነፋሱ በስተቀኝ» የሚለውን እርስዎ «በስተግራ» ብለው ያንብቡ። ነፋሱን ፊት ለፊት ይቁሙ፣ ወደ ግራ 45 ዲግሪ ያህል ይዙሩ፣ ቡሜራንጉንም ጋደም ሳያደርጉ ወደ ግራ ጥቂት ብቻ አዘንብለው ይልቀቁት።