ሦስት ሳምንት ያስለፋኝ ዲስክ

ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ባለፈው ሰሞን ፒያሳ ቡና ስጠጣ አንድ ጀማሪ ልጅ አገኘኝ። «ጋሼ፣ ሰርቨራችን በየሁለት ቀኑ ይወድቃል፤ ራም ልንቀይር ነው» አለኝ። ሳቄ መጣ፤ የራሴ ጉድ ትዝ አለኛ።

ፍሪቢኤስዲ የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ሰርቨር እጠብቅ ነበር። ሁለት ዲስክ በሬይድ 1፣ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። «አንዱ ቢሞት ሌላው አለ» ብዬ ዲስክን ጨርሶ አልጠረጠርኩም። ክራሽ ደምፑን (ማሽኑ ሲወድቅ ራሙ ላይ የነበረውን የሚያስቀምጥበትን ቅጂ) ስከፍተው ዛሬ አንድ ቦታ ወድቋል፣ ነገ ሌላ ቦታ። እንዲህ ሲዘባርቅ ሰው ሁሉ ራም ነው ይላል። እኔም አልኩ። ራም ቀየርኩ፣ ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ፣ መብራቱንም ረገምኩ (ለእሱ እርግማን አይበዛበትም)። የከተራ ዕለት ጎንደር በሙሉ ታቦት አጅቦ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርድ፣ እኔ ከዚያ ማሽን ጋር ተፋጥጬ ዋልኩ።

ያነቃኝ ተቆርጦ የቀረ ደምፕ ነው። ሲስተሙ ሲወድቅ ደምፑን ስዋፕ (ራም ሲጠብ ዳታ የሚወጣበት የዲስክ ክፍል) ላይ ይጽፋል፣ ሲነሳ ወደ ፋይል ይገለብጠዋል። ስዋፑን የት እንዳስቀመጥኩት ሳይ፣ አንደኛው ዲስክ ላይ ብቻ! ዳታው ሁለት ቦታ አለ፤ ከራም ወደ ስዋፕ የወጣው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ያ ዲስክ ማንበብ ሲያቅተው ማሽኑ ይወድቃል። ደምፑንም የሚጽፈው እዚያው የታመመ ዲስክ ላይ ነው።

ስለዚህ ራም ከመግዛታችሁ በፊት የዲስኩን ስማርት መረጃ፣ ማለትም ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን፣ እዩ። ቁጥር 197 ሊነበቡ ያልቻሉና ገና ያልተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩን ትንንሽ ክፍሎች) ይቆጥራል፣ ቁጥር 5 የተተኩትን። 199 (ዳታ በኬብሉ ሲተላለፍ የተፈጠረ ስህተት) ብቻውን ከጨመረ ግን መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ። ለይቶለት የሞተ ዲስክ አያስቸግርም፤ ሬይዱ ራሱ ያስወጣዋል። የሚያስለፋው ያልለየለት ነው። አንዷን ሴክተር ደጋግሞ ሲሞክር ሰርቨሩ እሱን ሲጠብቅ ይቆማል።

ስትነቅሉ ሲሪያል ቁጥሩን አመሳክሩ። እኔ ደህናውን ልነቅል እጄ ደርሶ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ባክአፕ። አዲሱ ዲስክ ሲገባ የቀረው ዲስክ ወደ እሱ ለመገልበጥ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፤ የተደበቀ ብልሽት ካለው የሚወጣው ያኔ ነው።

ያ ልጅ ማታውኑ ደወለ። «ጋሼ፣ 197 ዜሮ አይደለም!»

«ባክአፕ አላችሁ?» አልኩት።

ዝም አለ።