የውሃ ኩባንያው ሲሸጥ ሕጉ የት ነበር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሎንዶን ነው። የውሃ ኩባንያችን ከአንዱ የውጭ ባለሀብት ወደ ሌላው ሲዞር ኖሮ አሁን ዕዳ ውስጥ ተዘፍቋል። ወደ ግል ሲዛወር ማንም እንዳይጠቀልለው የሚከለክል ሕግ ነበር ይባላል። እውነት ነው? እስኪስተካከል ድረስ ሒሳቡን ባልከፍልስ?

መልስ፦ አዎ፣ ነበር። ግን ቀን የተቆረጠለት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝና የዌልስ 10 የውሃ ድርጅቶች አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ፣ መንግሥት በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንዲት «ወርቃማ አክሲዮን» ለራሱ አስቀረ። የኩባንያው መተዳደሪያ ደንብ ማንም ከ15 በመቶ በላይ ድምፅ ያለው አክሲዮን እንዳይዝ ይከለክል ነበር። በዚያች አክሲዮን ምክንያት ይህን አንቀጽ ያለ መንግሥት ፈቃድ መቀየር አይቻልም ነበር፤ ባለአክሲዮኖቹ በሙሉ ቢስማሙ እንኳ። ጠንካራ አጥር ነበር። በእንግሊዞቹ ኩባንያዎች ላይ ግን በ1994 መጨረሻ አበቃ። ገዢዎች ቀኑን ሲቆጥሩ ነበር መሰለኝ፤ በማግስቱ ዓመት የፈረንሳዩ ሊዮኔዝ ዴዞ ኖርተምብሪያን ዋተርን ሊገዛ መጣ፣ ተሳካለትም።

ከዚያ በኋላ የቀረው የውድድር ሕግ ነው። እሱ የባለቤቱ ዜግነት አያሳስበውም። የሚያየው የውሃ ኩባንያ ሌላ የውሃ ኩባንያ ሲገዛ ነው። ተቆጣጣሪው ኦፍዋት ዋጋና አገልግሎት የሚመዝነው አንዱን ከሌላው እያስተያየ ስለሆነ፣ ቁጥራቸው ሲያንስ ማወዳደሪያ ያጣል። በ1996 ሳውዝ ዌስት ዋተርን ሊገዙ የተሽቀዳደሙ ሁለት የውሃ ኩባንያዎች የተከለከሉት ለዚህ ነው። እዚያ አገር ውሃ የማይሸጥ ባለሀብት ግን ይህ አይነካውም። በ1998 ዌሴክስ ዋተርን የገዛው ማን መሰለዎት? የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን! ያው በሒሳብ ማጭበርበር ጉድ የሆነው። እሱ ሲከስር በ2002 የማሌዢያው ዋይቲኤል ወሰደው።

ወደ ሒሳብዎ ልምጣ። አለመክፈሉን አልመክርም። ከ1999 ወዲህ የመኖሪያ ቤት ውሃ ባለመክፈል አይቆረጥም፤ ዕዳው ግን አይሰረዝም። ኩባንያው ፍርድ ቤት ሊያቆምዎ ይችላል። ፍርዱ በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለ ደግሞ በብድር ታሪክዎ ላይ 6 ዓመት ይቀመጣል። ቤት ልግዛ ሲሉ ያኔ ይመጣብዎታል።

ቅሬታዎን በመጀመሪያ ለኩባንያው በጽሑፍ ያቅርቡ። ካልፈቱልዎ ሲሲደብሊው ወደሚባለው የውሃ ተጠቃሚዎች ምክር ቤት ይሂዱ፤ ነፃ ነው። ባለቤትነቱን አይነካም፣ የእርስዎን ሒሳብ ግን ይመረምራል። ቆጣሪ ካለዎት፣ የመንግሥት ድጎማ ተቀባይ ከሆኑና ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ልጆች ካሉዎት ደግሞ ስለ «ዋተርሹር» ይጠይቁ፤ በዓመት የሚከፍሉት ላይ ጣሪያ ያበጅልዎታል።